የሯጭ እግርና የሯጭ ልብ

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ዛሬ ምሽት በተሰጠኝ ዐጭር ጊዜ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ሩጫ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሯጩ እግርና ስለ ሳንባው ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ፣ እኔ የምናገረው ሯጩ በደረቱ ይዞት ስለሚሮጠው ልብና በራሱ ውስጥ ስለሚመላለሰው ሐሳብ፣ እንዲሁም ይህንኑ ሐሳብ መመርመርና ማረቅ ሙያቸው ስለ ሆነው የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ነው። የአገራችንን ስፖርተኞች ነገር ሳነሣ በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭ አገር ሊቃውንትን ነገር ሳነሣ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠቀም ይህን አስቀድሜ ላስታውሳችሁ።

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ቦሩ ሜዳን ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በታሪክ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት በዚያ ነው፤ ስመ ጥሩው መምህር አካለ ወልድም ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ያፈሩት በዚያው ነው። ለሕክምና የሄደ ሰው ደግሞ ሆስፒታሉን ያውቀዋል። እኔ ግን ቦሩ ሜዳን ከሁሉ አስቀድሜ የማውቀው በንጋት መልኩ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ የባሕር ዛፍ ጢስ ከየቤቱ ጣራ መነሣት ሲጀምር፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ሆነው የሜዳውን ዳር ይዘው ሲሮጡ ይታያሉ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ዓይነት አየር ያደገ ሰው ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ወርዶ ሲሮጥ ትንፋሹ እንደሚበረታ የታወቀ ነው። እኔም በልጅነቴ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ።

የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤቶች መካከል በሚደረገው የ5,000 ሜትር ውድድር እንድሮጥ ተመረጥኩ። በፊተኛው ሳምንት ያንኑ ርቀት በቦሩ ሜዳ ብቻዬን ሮጬ ብዙ ሳልደክም ጨርሼው ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት እናቴ ያቀረበችልኝን ቁርስ መዋጥ አቃተኝ፤ አፌ ደረቀ፣ እጄ ቀዘቀዘ፣ ወደ መጸዳጃ ቤትም ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ውድድሩ እንደ ተጀመረ ከኋላዬ የሚያሳድደኝ ያለ ይመስል የመጀመሪያውን ዙር እንደ አጭር ርቀት ሯጭ በረርኩት። በስድስተኛው ዙር ላይ እግሬ እንጨት ሆነ። በዚያን ጊዜ አባቴ ኩታቸውን ተከናንበው ከተመልካቹ መካከል ቆመው አየኋቸው፤ «እኔን ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ቆምኩ። ወድቄ አይደለም፤ ታምሜም አይደለም። ዝም ብዬ ቆምኩ።

ይመራን የነበረው ሰው በጓደኞቼ ፊት «አንተ ወኔ የለህም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከዚህ ቃል በቀር የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ስላልነበረው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለውድድር ሮጬ አላውቅም።

ይህን የምነግራችሁ በራሴ ላይ ለማልቀስ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በኔ ምክንያት ያጣችው ሜዳልያ እንደሌለ ዐውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ያን ርቀት የጨረሰው እግርና በውድድሩ ቀን የቆመው እግር አንድ እግር ነው። ሳንባውም ያው ሳንባ ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በሙያ የመረመሩት ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኖርማን ትሪፕሌት የሚባል አሜሪካዊ በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ ብስክሌት ነጂዎች ብቻቸውን ከሚነዱበት ጊዜ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሽቀዳደሙ እንደሚፈጥኑ ከውድድር መዝገቦች አመለከተ። ቀጥሎም ሕፃናትን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ እያዞሩ እንዲወዳደሩ አደረገ። ብዙዎቹ ከጓደኛ ጋር ሲሆኑ ፈጠኑ፤ አንዳንዶቹ ምንም ለውጥ አላሳዩም፤ አንዳንዶቹ ግን ከመጠን በላይ ስለ ተቻኮሉ ብቻቸውን ከሠሩት የባሰ ዘገዩ። እኔ ከየትኞቹ ወገን እንደ ነበርኩ መናገር አያስፈልግም።

ከርሱ በኋላ ኮልማን ግሪፊዝ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1925 የስፖርተኞችን አእምሮና አካል የሚመረምር ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በ1938 ደግሞ በቺካጎ የሚገኝ አንድ የቤዝ ቦል ቡድን ቀጠረው፤ ዳሩ ግን የቡድኑ አለቃ «ይህ የመጽሐፍ ሰው ስለ ጨዋታ ምን ያውቃል» በሚል መንፈስ ስለ ተመለከተው ምክሩ ብዙ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ይህ ዓይነቱ ነገር በቺካጎ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። የሆነ ሆኖ ሙያው እያደገ ሄዶ በ1965 የዓለም የስፖርት ሥነ ልቡና ማኅበር በሮማ ከተማ ተመሠረተ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግራቸው ሮጠው ባሸነፉባት ከተማ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ስለ ፍርሃት የተነገረውንም ላክል። በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የመንፈስ መነሣሣት ሲጨምር ትምህርት እንደሚፈጥን፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ግን መነሣሣቱ ከልክ ካለፈ መልሶ እንደሚያበላሸው አሳዩ። የስፖርት ሰዎች ይህን ወስደው ለሰው አደረጉት። በኋላ የመጡ ሊቃውንት «የሰው ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም» ብለው ብዙ አርመውታል፤ ቢሆንም ለመጀመሪያ ማስተዋል ይጠቅማል። ፍርሃት ለሯጭ በወጥ ውስጥ እንዳለ በርበሬ ነው፤ ከጎደለ ወጡ አልጫ ይሆናል፣ ከበዛ ደግሞ አያስበላም። መጠኑም ለሁሉ እኩል አይደለም። ክብደት የሚያነሣ ሰው በብዙ ቍጣ ሊነሣሣ ይችላል፤ በቀስት ዒላማ የሚመታ ሰው ግን ያን ያህል ቢነሣሣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ባገራችን «የሥነ ልቡና ባለሙያ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ስለ እብደት ነው። ይህ ስሕተት ስለሆነ ላብራራው። በስፖርት ዙሪያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጤነኛውን ስፖርተኛ የአእምሮን ችሎታ የሚያሠለጥነው ነው፤ አሠልጣኙ እግሩን እንደሚያሠለጥን ማለት ነው። ሁለተኛው በጭንቀት፣ በድባቴ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በምግብ መጥላት፣ ወይም በደረሰበት ክፉ ነገር የተጎዳውን የሚያክመው ነው፤ ይህኛው ከሐኪሞች ጋር ተባብሮ ይሠራል። ሁለቱም ቢሆኑ ተቀዳሚ ሥራቸው ማዳመጥ ነው። ስፖርተኛው የነገራቸውንም፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ያለ ፈቃዱ ለአሠልጣኙ ወይም ለፌዴሬሽኑ ወይም ለቤተሰቡ አያወጡም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሯጭ «ፈርቻለሁ» ብሎ ለአሠልጣኙ ቢናገር ከቡድኑ እቀነሳለሁ ብሎ ይሠጋል፤ ለአባቱ ቢናገር ያሳዝነዋል፤ ለጓደኛው ቢናገር ጓደኛው በነጋታው ተቀናቃኙ ነው። ሳይሸሽግ የሚናገርበት አንድ ሰው ማግኘቱ ብቻውን ግማሽ ሸክም ያወርድለታል።

ከማዳመጥ ቀጥሎ የሚመጣው ሥልጠና ምሥጢርነት የለውም፤ ማንም ሊማረው የሚችል ነው። በመጀመሪያ ትንፋሽ ነው። አየሩን ቀስ ብሎ በአፍንጫ ማስገባት፣ ከገባበትም ጊዜ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፤ ይህን ጥቂት ደቂቃ ሲያደርጉት የልብ ምት ይረጋል። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል ሐኪም በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ጡንቻን በየተራ እየጨበጡና እየለቀቁ ሰውነትን ማሳረፍ እንደሚቻል አስተምሯል። እኔ ራሴ ይህ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ቀይዋ መብራት እስክትበራ ድረስ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እናንተም በታላላቅ ሹማምንት ፊት ሪፖርት የምታነቡ የቢሮ ሰዎች፣ ወረቀቱ በእጃችሁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ብትሞክሩት ጕዳት የለውም።

ሁለተኛው ሐሳብን የሚያሳርፉበት ስፍራ ነው። ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1977 ባወጡት ጥናት ታላላቅ የማራቶን ሯጮችን «ስትሮጡ ምን ታስባላችሁ» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ተራዎቹ ሯጮች ድካሙን ለመርሳት ሲሉ ስለ ሌላ ነገር እንደሚያስቡ፣ ቤት እንደሚሠሩና ዘፈን እንደሚያዜሙ ተናገሩ። ታላላቆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትንፋሻቸው፣ ስለ ትከሻቸው፣ ስለ ባታቸው፣ ስለ ፍጥነታቸው ያስቡ ነበር። ድካሙን አልሸሹትም፤ እንደ ሹፌር ሞተሩን ያዳምጡት ነበር። እኔ በስድስተኛው ዙር ላይ ያዳመጥኩት ትንፋሼን ሳይሆን የአባቴን መንገድ ነበር።

ሦስተኛው ሰው ለራሱ የሚናገረው ቃል ነው። «አልቻልኩም፣ አለቀልኝ» የሚለው ቃል በውድድር መካከል ሳይጠራ ይመጣል። ባለሙያው «አትፍራ» ብሎ አይገሥጽም፤ ፍርሃት በትእዛዝ አይሄድምና። ከዚህ ይልቅ በቦታው የሚተካ ዐጭርና የሚሠራ ቃል ያስጠናዋል፤ «ትከሻህን ጣል»፣ «እስከዚያ ዛፍ»፣ «አንድ ዙር ብቻ»። አራተኛው ውድድሩን ዓይንን ጨፍኖ በሐሳብ አስቀድሞ መሮጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ድልን ማለም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዝናብ ቢዘንብ፣ የጫማዬ ማሰሪያ ቢፈታ፣ ሰው ገፍቶ ቢጥለኝ፣ ሌላው ያለ ጊዜው ቢያመልጥ ምን አደርጋለሁ እያሉ እያንዳንዱን መልስ መለማመድ ነው።

አምስተኛው ዓላማን ከፋፍሎ መያዝ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የራሳችን ነውና። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽሙ ዓለም ያየው ባዶውን እግር ነው። በውስጥ የነበረውን ዕቅድ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስዊድናዊው አሠልጣኛቸው ኦኒ ኒስካነንና ርሳቸው መንገዱን አስቀድመው ተመልክተው፣ ከመጨረሻው መሥመር ብዙ በማይርቀው ስፍራ፣ ያን ጊዜ በሮማ ቆሞ የነበረውን የአክሱምን ሐውልት አገኙ። «ፍጥነት መጨመር ከዚህ ነው» ብለው ተስማሙ። ሻምበል አበበም ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር በጨለማ ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው በመጨረሻው ላይ ጥለውት ሄዱ። 42 ኪሎ ሜትር የሚያህል ርቀት በሙሉ በራስ ላይ ቢሸከሙት ይከብዳል፤ አንድን ድንጋይ መጠበቅ ግን ይቻላል። ያውም የገዛ አገር ድንጋይ። ኒስካነን የሥነ ልቡና ባለሙያ አልነበሩም፤ ነገር ግን ዛሬ ባለሙያዎች በጥናት የሚያስተምሩትን ያን ጊዜ በማስተዋል አደረጉት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮም ሻምበል አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ዳግመኛ አሸነፉ።

በቅርቡ ከሆነውም አንድ ላንሣ። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን አትሌት ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጕዳት ምክንያት ሲቀር፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ታምራት ተተካ፤ ነሐሴ 4 ቀንም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ መቆየት ለሰው ልብ ከባድ ነገር ነው። እሮጣለሁ ብሎ ተስፋ እንዳያደርግ አልተመረጠም፤ አልሮጥም ብሎ እንዳይተወውም ሊጠራ ይችላል። ሰውነቱን ያዘጋጀ ብዙ ነው፤ በዚህ መካከል ልቡን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማሸነፍ ነው። እንደኔ አሳብ ግን የዚህ ሙያ ትልቁ ጥቅም በድል ላይ ሳይሆን ከድል በኋላና ከሐዘን በኋላ የሚታይ ነው።

በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አትሌት ቀነኒሳ በቀለ ከእጮኛው ከአትሌት ዓለም ተጫለ ጋር ሲለማመድ እርስዋ በድንገት ወድቃ አረፈች። ገና ዐሥራ ስምንት ዓመትዋ ነበር። በዚያው ጥር ወር ቀነኒሳ በቦስተን በተደረገው የቤት ውስጥ ውድድር የቀረውን ዙር በመሳሳት ያለ ጊዜው ፈጥኖ ተሸነፈ። ይህን የሰማ ሰው «ዙር መቍጠር እንዴት ያቅተዋል» ይል ይሆናል፤ ሐዘን የገባበት ሰው ግን ገንዘብ እንኳ አስተካክሎ መቍጠር እንደሚቸግረው ከእኛ መካከል ያላየ የለም። በመጋቢት በፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ በነሐሴም የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ26 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ከ53 አሻሻለ። ሐዘኑን እንዴት ተሸክሞ እንደ ሮጠ የሚያውቀው ራሱ ነው። እኔ የማስበው ግን ይህን የመሰለ ነገር ደርሶባቸው ስማቸውን ስለማንሰማቸው፣ ከሜዳው ቀስ ብለው ስለ ጠፉት ልጆች ነው።

ሻምበል አበበም በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ምክንያት እግራቸው ከተያዘ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ሲታከሙ፣ በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በቀስት ውድድር ተሰለፉ። የዓለምን ፈጣን እግር ያጣ ሰው እጁን ማሠልጠን ሲጀምር ማየት ከሁለቱ የወርቅ ሜዳልያዎች ያላነሰ ነገር ይመስለኛል። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ የ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኙ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ውድድር አመለጣቸው፤ በ1968 ዓ.ም. አገራቸው ከሞንትሪያል ቀረች፤ ሁለቱን ወርቅ ያገኙት በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ነው። ስምንት ዓመት መጠበቅ ማለት ነው።

በውጭውም ዓለም ሲሞን ባይልስ የምትባለው አሜሪካዊት የጂምናስቲክ ባለሙያ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በአየር ላይ ስትገለበጥ ሰውነትዋ የት እንዳለ ማወቅ ስለ ተሳናት፣ ከቡድኑ የመጨረሻ ውድድር መካከል ወጣች። ብዙ ሰው «ፈሪ» አላት። እርስዋ ግን ከባለሙያ ጋር መሥራትዋን በግልጽ ተናገረች፤ በ2024 በፓሪስ ሦስት ወርቅና አንድ ብር ይዛ ተመለሰች። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2019 ሊቃውንትን ሰብስቦ የስፖርተኛ የአእምሮ ጤንነት ከአካሉ ጤንነት ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባ አስታውቋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። አንዲት ልጃገረድ ስትሮጥ የሚሮጠው የርስዋ እግር ብቻ አይደለም፤ የአባትዋ ቤት ቆርቆሮ፣ የወንድሞችዋ ደብተር፣ የእናትዋ መድኃኒት አብሮ ይሮጣል። ስታሸንፍ ዘመድ ይበዛል፤ ስትጎዳ ይቀንሳል። ወደ ውጭ አገር ስትሄድም ቋንቋውን በማታውቀው ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ታድራለች። አሠልጣኝዋ አንድ ሰው ሆኖ ብዙ ልጆች ስላሉበት ሰዓት ከመያዝ አልፎ የእያንዳንዱን ልብ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ አሠልጣኞችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። አንዳንድ ሰው «ለዚህማ ጸሎት አለን፣ ዱዓ አለን» ይላል። እውነት ነው፤ አለን፣ ያጸናናልም። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ሰው ጸሎት አድርሶ ወደ ወጌሻም ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ በወደቁ ጊዜ፣ በቦሩ ሜዳ ዙሪያም የመድፍ ድምፅ ተሰምቷል። የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመትዋ ነበር። ከእናትዋና ከታናሽ ወንድምዋ ጋር ሌሊት ወጥተው በእግር ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ በዚያው እኔ በሮጥኩበት ሜዳ መሮጥ ጀመረች፤ ከኔ ይልቅ እርስዋ እውነተኛ ሯጭ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ውድድር ተሰልፋ ሳለ፣ አስጀማሪው ሽጉጡን በተኮሰ ጊዜ እርስዋ እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት አልሄደችም፤ ጆሮዋን በሁለት እጅዋ ይዛ ቍጢጥ አለች። አንዳንዱ ሳቀ። «መስመር ላይ ተኛች» ብለው ስም አወጡላት። ከዚያ በኋላ ሌሊት መባነን፣ ቀን ዝም ማለት፣ ምግብ መተው ያዘች፤ ወደ ሜዳውም መሄድ አቆመች።

በስልክ ሳነጋግራት «ጋሼ፣ እግሬ እኮ ደኅና ነው» አለችኝ። ይህን ስሰማ ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው ነገር መጣብኝ፤ «አይዞሽ፣ በርቺ» ከማለት በቀር ግን ምንም አላወቅሁም። እንግዲህ እኔም ከዚያ «ወኔ የለህም» ካለኝ ሰው ብዙ የተሻልኩ አልነበርኩም ማለት ነው።

እናትዋ ጠያይቃ በደሴ አንድ ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያ አገኘችላት። ልጅቱ እንደ ነገረችኝ፣ ባለሙያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሩጫ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ያን ሌሊት እንዴት እንደ ወጡ እርስዋ በፈለገችው መጠን ብቻ እንድትናገር አደረገ። ቀጥሎ ትንፋሹን አስተማራት። ከዚያም ሥራው በደረጃ ሄደ። አስቀድሞ ከሩቅ እጅ ማጨብጨብ፤ ልብዋ እስኪረጋ መጠበቅ፤ እንደገና ማጨብጨብ። ከዚያ ሁለት ሳንቃ ማጋጨት። ከዚያ የሽጉጥን ድምፅ በስልክ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቍልፉ በርስዋ እጅ ሆኖ ማሰማት። ከዚያ በቦሩ ሜዳ ከ200 ሜትር ርቀት፣ ከዚያ ከ100፣ ከዚያ ከ50። ልብዋ ያልረጋ ቀን ወደ ፊት አይሄዱም ነበር። ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበትና ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ያለ ባለሙያ የሚደረግ አይደለም፤ በችኮላ ያደረጉት እንደሆነ ይብስበታል። በርስዋ ላይ ሰባት ወር ፈጀ።

ባለፈው ጊዜ በተደረገው ውድድር ሰባተኛ ወጣች። ስለ ሽጉጡ ስጠይቃት «ሰማሁት፤ ከዚያ ሮጥሁ» ብላ ወዲያው ስለ ጫማዋ መጣበብ ታወራኝ ጀመር።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተ መካከል በጀት የምታዘጋጁ፣ የሥራ መደብ የምታጠኑ፣ በትምህርትና በስፖርት መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። በተሁለደሬ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ አለ፤ በደሴም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሥነ ልቡና ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። ሯጭና ባለሙያ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ እየኖሩ አለመተዋወቃቸው የሚያስገርም ነው። የሚጠየቀው ወጪ ትልቅ አይደለም። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ መደብ፣ ሁለት ወንበር፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ አንድ ክፍል ነው። በሩ የሚዘጋ መሆኑን ደጋግሜ አሳስባለሁ፤ ሰው በሚተላለፍበት ቢሮ ጥግ ማንም ልጅ ልቡን አይከፍትምና። አሠልጣኞችም በሚሠለጥኑበት ጊዜ ስለ ጡንቻ ከሚማሩት ሰዓት ጥቂቱ ለዚህ ቢሰጥ፣ ቢያንስ መቼ ወደ ባለሙያ መላክ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

የእኅቴ ልጅ በሚመጣው ወር በደሴ እንደገና ትሮጣለች። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ነገር ግን እንዳታየኝ ከተመልካቹ ኋላ እቆማለሁ።